ጩኸቴን ትርኢት አልከው

ሽማግሌዎቹ በግራዝማች ወልደኪዳን ደጃፍ፣ ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከመሀላቸው አቶ ባፈና ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቀኑ የሆሳዕና ከተማ ገበያ የሚውልበት ስለ ነበር፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ሁሉ በአጥሩ ላይ እየተንጠራራ ነገሩን ለመስማት ይጋፋል።

ነገሩ አጭር ነው። ግራዝማች ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን መሬታቸውን፣ በትራክተር ስንዴ ሊያርስ ለመጣ ባለሀብት ሊያከራዩት ፈለጉ። በዚያ መሬት ላይ ደግሞ አቶ ባፈና ከአባታቸው ጊዜ ጀምሮ በጢሰኝነት እያረሱ፣ እንሰት ተክለው፣ ልጅ ወልደው ይኖራሉ። ልቀቁ ተባሉ፤ አልለቅም አሉ። ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለ።

አቶ ባፈና አማርኛ ይሰማሉ፤ በሰው ፊት ቆመው ሊከራከሩበት ግን አይደፍሩም። ስለዚህ የተናገሩት በሀዲይኛ ነበር። አስተርጓሚ ሆኖ የቆመው ቸኮል ነው። ቸኮል የግራዝማች ጉዳይ አስፈጻሚ ነው፤ የሚበላው ከእሳቸው ማዕድ፣ የሚቀመጥበት በቅሎም የእሳቸው ነው።

«አባቴን የቀበርኩት እዚያ ነው» አሉ አቶ ባፈና፣ ቀስ ብለው። «የባለመሬቱን እርቦ አንድ ዓመት አጓድዬ አላውቅም። ምን አጥፍቼ ነው የምነሳው? አልነሳም።»

ቸኮል ጉሮሮውን ጠረገ። «ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ ነው የሚለው። ጌታዬ መቋቋሚያ ቢጤ ካደረጉልኝ ፈቅጄ እነሳለሁ ይላል።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ በዚሁ ሊያልቅ ነው።

«ውሸት ነው!»

የጮኸችው የአቶ ባፈና ልጅ ጣቢታ ነበረች። ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ፣ ሰዉን እየገፋች ወደ መሀል ገባች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ አንድ ሰው ረገጠው። «አባቴ እንዲህ አላለም! አልነሳም ነው ያለው! ይሄ ሰው በአባቴ አፍ ላይ ሌላ ቃል እያስገባ ነው! ሀዲይኛ የሚሰማ የለም እዚህ? አንድ ሰው የለም?»

«ሴት ልጅ ከሽማግሌ መሀል ምን ትሠራለች?» አሉ ግራዝማች፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። «አስወጡልኝ።»

«ልጁ ናት፤ ለአባቷ ታዳላለች» አለ ቸኮል ፈጠን ብሎ።

ጣቢታ ዙሪያዋን ቃኘች። ዓይኗ የግራዝማች ቤት በረንዳ ላይ አረፈ። እዚያ ተረፈ ቆሟል፤ የግራዝማች ልጅ። ሀዲይኛ እንደ አፍ መፍቻው የሚናገር ተረፈ። ከጎኑ እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የምትሠራው አሜሪካዊት አስተማሪ ሚስ ኤለን አለች።

ጣቢታ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ ዓይኑን ሰበረ።

ሚስ ኤለን በእንግሊዝኛ ምን እንደ ተፈጠረ ጠየቀችው። ተረፈ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። አጎንብሶ፣ ሰው እንዳይሰማው በዝግታ መለሰላት። ግቢው ግን በዚያች ቅጽበት ጸጥ ብሎ ስለ ነበር ጣቢታ ሰማችው።

«ተዪው፤ ሺ ኢዝ ሜኪንግ ኤ ሲን።»

ሁለት ሰዎች ክንዷን ይዘው ሲያስወጧት አልታገለችም። ሲን። ይህን ቃል ታውቀዋለች። በምትጸልይበት በሚሲዮኑ ቤት ሰባኪዎቹ ጣታቸውን እያወዛወዙ የሚሉት ቃል ነው። ኃጢአት።

የምትወደው ሰው በፈረንጅ ፊት ኃጢአተኛ አላት።

* * *

ተረፈ ከአዲስ አበባ የመጣው እንደ ዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ሁሉ የአንድ ዓመት የአገልግሎት ግዴታውን ለመወጣት ነበር። ተወልዶ ባደገበት ከተማ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛቸውን ለማሻሻል ለሚፈልጉ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪዎች ትምህርት ይሰጣል። ጣቢታ በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥር ስለ ነበር ከተማሪዎቹ አንዷ ሆነች።

መርከብና በግ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በድምፅ መለየት አቅቷት ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። ተረፈ ግን አልሳቀም። «አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው» አላትና ደጋግሞ አስባላት። አፏን እያየ ማስተማሩን እሱ ረሳው፤ እሷ ግን አልረሳችም። በዚያን ቀን ከክፍል ስትወጣ ፊቷ ይሞቃት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደ ቤቷ በምትሄድበት መንገድ ላይ ይገናኛሉ። እሱ በመንገዱ ግራ፣ እሷ በቀኝ፤ በመሀላቸው የሰውም የአህያም መንገድ ይዘው ይጓዛሉ። ያየ ሰው አብረው ናቸው ለማለት አይችልም። የግራዝማች ልጅና የጢሰኛ ልጅ፣ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ልጅና የሚሲዮን ልጅ፤ በምን በኩል ተብሎ ይጠጋጋሉ? እንደሚወዳት የነገራት ግን አንድ ቀን በዚያው መንገድ ላይ፣ በሀዲይኛ ነበር። ሞግዚቱ ከሀዲያ ሰፈር የመጣች ነበረችና ቋንቋውን የለመደው በእሷ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው። «በአማርኛ ብነግርሽ አባቴ የሚሰማኝ ይመስለኛል» አላት። ጣቢታ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ቤት ገብታ ደግሞ አለቀሰች።

እንግዲህ ያ ሰው ነው በረንዳው ላይ ቆሞ ያያት።

* * *

ከሽምግልናው በማግስቱ ተረፈ ወደ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሲመጣ ልጆቹ ተበትነው ነበር። ጣቢታ ጥቁር ሰሌዳውን ታጠፋለች።

«ጣቢታ።»

«ደህና ዋሉ መምህር።» ዞር አላለችም።

«ዋሉ? ዛሬ አንቱ ሆንኩ?»

«የትልቅ ሰው ልጅ ነዎት። ምን ልታዘዝ?»

«ተይ እንጂ ጣቢታ። ፈራሁልሽ። እንዳይመቱሽ፣ እንዳያስሩሽ ብዬ…»

«ስለ ኃጢአቴ ሊመክሩኝ ከሆነ የመጡት፣ እኛም ወንጌላዊ አለን።»

«የምን ኃጢአት?»

አሁን ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባ ግን የለበትም። «ለፈረንጇ የነገሯት ነዋ! ሲን ትሠራለች አላሉም? ጆሮዬ ደህና ነው እኮ፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩት። ለአባት መጮህ ነው ኃጢአቱ? ቸኮል በሐሰት ሲተረጉም ጽድቅ ነበር?»

ተረፈ መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ በራና ሳቀ። ያን ሳቅ መሳቅ አልነበረበትም።

«ኃጢአት አላልኩሽም! በጌታ! ሌላ ቃል ነው!» ጠመኔ አንስቶ ሁለቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ጎን ለጎን ጻፈላት። «ይሄ አጭሩ ኃጢአት ነው። እኔ ያልኩት ይሄኛውን፣ ረጅሙን ነው። በፊደልም አይገናኙም። ይሄኛው ትርኢት ማለት ነው፤ ቴያትር ላይ እንደሚታየው።»

«ቴያትር?»

«አነጋገር ነው። ለየብቻ አይተረጎምም፣ እንዳለ ነው የሚያዘው።»

«ትርጉሙን ይንገሩኝ።»

«ይኸውልሽ… አንድ ሰው በሰው መሀል…» ጠመኔውን በጣቱ አሻሸ። «ድምፁን ከፍ አድርጎ…»

«ይቀጥሉ መምህር። ክፍል ውስጥ እንደሚያስረዱን አድርገው ያስረዱኝ።»

«ሰው ሁሉ እንዲያየው ብሎ ሲጮህ፣ ሲረብሽ፣ ያለ ቦታው…» ድምፁ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። የመጨረሻውን ቃል ራሱም እንኳ አልሰማውም።

ጣቢታ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁለት ቃላት አየቻቸው። ቁጣዋ አሁን ነው የመጣው።

«ኃጢአተኛ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። «ኃጢአት ቢሆን ተንበርክኬ ይቅር በለኝ እላለሁ፣ ያበቃል። አንተ ግን ጩኸቴን ትርኢት አልከው! ሰው እንዲያየኝ ብዬ የጮኽኩ መሰለህ? ነጠላዬ ከጭቃ ወድቆ፣ በወንዶች ክንድ ተይዤ፣ እንደ ሌባ እየተጎተትኩ፣ ሰው እንዲያየኝ ብዬ? የአባቴ ቤት ሊፈርስ ነው ተረፈ! የአያቴ መቃብር በትራክተር ሊታረስ ነው! አንተ በረንዳ ላይ ቆመህ ቴያትር አየህ!»

«ጣቢታ፣ አፍሬ ነው። በሷ ፊት፣ በአባቴ ፊት አፍሬ…»

«በማን አፈርክ? በቸኮል ነው በእኔ?»

ተረፈ ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች ጣቢታ። ድምፅዋ ድንገት ዝቅ አለ፤ ይህ ከጩኸቱ የባሰ ነበር። «አባቴ ሲናገር ሰምተሃል?»

«ጣቢታ…»

«ሰምተሃል ወይ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ቸኮል ሲተረጉምስ?»

«ሰምቻለሁ።»

«እና ታውቅ ነበር። እኔ ‹ሀዲይኛ የሚሰማ የለም ወይ› ብዬ ስጮህ፣ አንተ ታውቅ ነበር።» ደረቷን በእጇ ያዘች። «እኔን እወድሻለሁ ያልክበት ቋንቋ ለአባቴ ሲሆን ጠፋህ?»

ተረፈ አንድ እርምጃ ተጠጋ። እሷ ሁለት እርምጃ ራቀች። የሰሌዳውን ማጥፊያ አንስታ የጻፈውን ሁለቱንም ቃል አጠፋችው፤ ሰሌዳው ንጹሕ ከሆነ በኋላም እጇ መጥረጉን አልተወም። ተረፈ በሩ ላይ ቆሞ ይህን እጅ ለረጅም ጊዜ አየ፤ እንዲያቆም የሚያደርገው ቃል ግን በሚያውቃቸው ሦስት ቋንቋዎች አንዱም ውስጥ አላገኘም።

* * *

ሚስ ኤለን ጣቢታን ያገኘቻት በገበያ፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ተርታ አጠገብ ነው። አሜሪካዊቷ አማርኛ ለመናገር አታፍርም፤ ወንዱንም ሴቱንም እያደባለቀች ትናገራለች።

«ጣቢታ፣ እኔ በጣም አዝነሃል» አለቻት፣ እጇን ይዛ።

ጣቢታ ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ልቧ ግን አልፈቀደላትም። «ቃሉን ነግሮኛል» አለቻት። «ተርጉሞልኛል።»

«ያ ቃል ጥሩ አይደለችም። እናቴ ለእኔ ትል ነበር። ልጅ ሆኜ፣ ትልቅ ሱቅ ውስጥ አለቅሳለሁ። እናቴ፣ ‹ዝም በይ! ሰው ያያል!› አለ። ‹ለምን ታለቅሻለሽ?› እሱን አልጠየቀም። ጣቴ በር ውስጥ ነበር።» የተጣመመች ትንሽ ጣቷን አሳየቻት። «በር ውስጥ ነበር ጣቢታ። እናቴ ሰው ያያል አለ።»

ጣቢታ ያቺን ጣት ዳሰሰቻት። «ሰው ያያል» የሚለውን በአማርኛም፣ በሀዲይኛም ስትሰማ ነው ያደገችው። ሴት ልጅ ስትስቅ ሰው ያያል፤ ስትሮጥ ሰው ያያል፤ ስትጮህ ሰው ያያል። ፈረንጅ አገርም እንዲሁ ኖሯል! ይህን ማወቋ ንዴቷን አላበረደውም። እንዲያውም ጨመረበት፤ በተለይ የሰውን ዓይን ከእሷ ሥቃይ አስበልጦ ባየው፣ በምትወደው በተረፈ ላይ።

* * *

ሽምግልናው በተረበሸው ፈንታ ሌላ ቀን ተቆርጦለት ነበር። ቀኑ ደረሰ። ያው ባሕር ዛፍ፣ ያው ደጃፍ፣ ያው ቸኮል።

አቶ ባፈና ከቤት ሲወጡ ልጃቸውን ለብቻዋ ጠርተው፣ «ዛሬ አፍሽን ያዢ» ብለዋታል። «በልጅህ ምክንያት ነገርህ ረከሰ ብለውኛል።» ይህን ሲሉ ሊያዩዋት አልቻሉም። ጣቢታ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። በጥርሷ መሀል ጥለቱ እንደ ገመድ ሆኗል።

አቶ ባፈና ተናገሩ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ዝግታ።

«ካሳ ይሰጠኝና እነሳለሁ ነው የሚለው» አለ ቸኮል።

ጣቢታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቅርታ አባቶቼ። አቶ ባፈና ያሉት እንደዚያ አይደለም።»

አቶ ባፈና ያሉት። በዚያ ደጃፍ አቶ ባፈናን አንቱ ያላቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ዞረ። ተረፈ ከበረንዳው ወርዶ፣ ከአባቱ ወንበር ፊት ለፊት አልፎ፣ ከአቶ ባፈና አጠገብ ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሯል።

«ተረፈ፣ ወደ ቤት ግባ» አሉ ግራዝማች።

«አልገባም አባዬ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ለጢሰኛ አስተርጓሚ የሆንከው?»

«ሀዲይኛ የተማርኩት በዚሁ ግቢ ነው፤ እርስዎ በቀጠሯት ሞግዚት ጀርባ ላይ። አቶ ባፈና ያሉት፣ ‹አባቴን የቀበርኩት እዚያ ነው፤ እርቦ አጓድዬ አላውቅም፤ አልነሳም› ነው። ባለፈውም ያሉት ይኸንኑ ነው። ሰምቼ ዝም አልኩ። እውነቱን የተናገረችው ልጃቸው ነበረች፤ እናንተ አስወጣችኋት፣ እኔ ደግሞ አማኋት።»

ከቤቱ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ የእናቱ የወይዘሮ ሂሩት ሲቃ ተሰማ። ቸኮል መሬት መሬት ያያል።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ገብረ ሥላሴ ጸጉራቸው የነጣ፣ ከሰሜን መጥተው በዚያ አገር ያረጁ ሰው ናቸው። ወደ አቶ ባፈና ጠጋ ብለው፣ «አቶ ባፈና፣ ልጁ ያለው ልክ ነው?» ብለው በአማርኛ ጠየቋቸው።

አቶ ባፈና ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አስጠጉ። «ልክ ነው» አሉ፣ በራሳቸው አማርኛ። «የተናገርኩት እሱ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ ተማከሩ። በመጨረሻ አቶ ገብረ ሥላሴ ተነሡና፣ በተጣመመ ቃል ላይ የቆመ ሽምግልና እንደ ሌለ፣ አቶ ባፈና ከሚያርሱት መሬት እንደማይነሱ፣ ግራዝማች የሚሉት ካለም በሕግ መጠየቅ እንደሚችሉ ተናገሩ። ሙሉ ድል አልነበረም። ክስ ሊመጣ ይችላል። ሴቶቹ ግን እልል አሉ።

ግራዝማች ከወንበራቸው ሲነሡ ልጃቸውን እንደ እንግዳ ሰው አዩት። «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ለዚህ ነው?» አሉት። «ዛሬ ከእኔ ገበታ አትቀርብም። ነገም።» ከኋላቸው በሩ ተዘጋ።

* * *

ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ላይ ደረሰባት። በዚህ ጊዜ በመንገዱ ማዶ አልሄደም፤ አጠገቧ ሆነ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ዞር ዞር እያሉ ያዩዋቸዋል።

«ለኔ ብለህ ከሆነ አልቀበለውም» አለችው ጣቢታ፣ ፊት ለፊቷን እያየች።

«ላንቺ ብዬ አይደለም። ላንቺማ ቢሆን ያን ጊዜ ነበር የምናገረው።»

ይህ መልስ አስቆማት። ልቧ ሊራራ ሲል ያው ንዴት ተመልሶ ያዛት። «ምን እንዳናደደኝ ታውቃለህ? ቃሉ አንድ ነው! እኔ የተናገርኩትን ነው አንተ የተናገርከው፤ አንድም አልጨመርክበትም። እኔ ስናገረው አስወጡልኝ ተባለ። አንተ ስትናገረው ሽማግሌ ተማከረበት። የግራዝማች ልጅ እስኪደግመው ድረስ እውነት እውነት አይሆንም? ነገ አንተ ባትኖርስ? የሚናገርለት ተረፈ የሌለው ጢሰኛስ ምን ይሁን?»

«አላውቅም» አለ ተረፈ። «ልክ ነሽ። አላውቅም።»

ይከራከረኛል፣ ያባብለኛል፣ ይምልልኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን ባዶ እጁን ቆመ። ቤት የለው፣ ገበታ የለው።

«ና» አለችው። «አማሁ ያልከውን ለአባቴ በአፍህ ንገረው። ምን ብለህ እንዳማኸኝ ይስማ።»

አቶ ባፈና ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ተረፈን ሲያዩ ተነሡና መቀመጫ ዱካ ሰጡት። እሱ አልተቀመጠም። ቆሞ፣ በሀዲይኛ፣ ለፈረንጇ ያለውን ሁሉ ነገራቸው። የእንግሊዝኛውን አነጋገር ለመተርጎም ሲታገል ቃሉ አልመጣለት አለ፤ ዙሪያውን ሄደ፣ ተመለሰ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ፈሰሰ።

አቶ ባፈና እስኪጨርስ ታገሡት። «ልጄ» አሉት፣ «ሰው ሲጮህ እኛ ሮጠን ሄደን ምን ሆንክ እንላለን። አንተ አልመጣህም ነበር። ዛሬ መጣህ። በል ተቀመጥ።»

ጣቢታ ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም። ወደ ጓሮ ወጣች። ከትላልቆቹ የእንሰት ቅጠሎች መሀል ገብታ ቆመች፤ እንባዋም መጣ። በሽማግሌዎቹ ፊት እምቢ ያላት፣ በክፍሉ ውስጥ እምቢ ያላት፣ በገበያም እምቢ ያላት እንባ አሁን ያለ ልክ ፈሰሰ። አባቷ በእሷ ማፈራቸው፣ ነጠላዋ መረገጡ፣ ይህን ሰው መውደዷ፣ ይህን ሰው መጥላት አለመቻሏ፣ ሁሉም ባንድ ላይ ወጣ። አፏን አልያዘችም። ማንም ቢሰማት ግድ አልነበራትም።

ኮቴ ሰማች። ተረፈ ጥቂት እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«ምን ሆንሽ?» አላት፣ በሀዲይኛ።

«እንዳትነካኝ» አለችው፣ እያለቀሰች። «ገና አልበረደልኝም። ገና ብዙ አለኝ የምናገረው።»

«እሺ።»

«ብዙ ነው።»

«ልሂድ?»

ጣቢታ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እሱን እያየች እንዴት እንዲህ ልትናደድበት፣ እንዴትስ እንዲህ እንዲቀርባት ልትሻ እንደምትችል ለራሷም ገረማት።

«አትሂድ» አለችው።